የብረቱ ድርሻ

ሚስቱ «ፓንኬክ አማረኝ» ያለችው ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነው። ድምጿ ከመድከሙ የተነሳ ውሃ የጠየቀችው መስሎት ብርጭቆውን አንስቶ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ፓንኬክ። ያ የቁርስ ቤቱ።»

ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሆዷ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ ከአፏ «አማረኝ» የሚል ቃል ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሾርባ ሲያቀርቡላት ብረት ብረት ይላል፣ ሩዝ ሲቀቅሉላት መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል እያለች በእጇ ጀርባ ገፋ ታደርገዋለች። «ትንሽ ቆይቼ እበላዋለሁ» ትላለች። ትንሽ ቆይታም አትበላውም። ሐኪሙ ደግሞ ሳይሸፋፍን ነው የነገራቸው። «ለስላሳ ይሁን እንጂ ያማራትን ሁሉ ስጧት። ሰኞ አያታለሁ። በአፏ መብላት ካልጀመረች ግን መልሼ ማስተኛት ይኖርብኛል፤ በቱቦ እንመግባታለን።» ቱቦ የሚለውን ስትሰማ ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድደው ሲይዙ አይቷል። ሆስፒታል ሳለች በአፍንጫዋ ገብቶላት ስለነበር ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። መኪና ውስጥ ገብተው ወደ ቤት ሲመለሱ «ከዚያ ቱቦስ...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። እሱም ጨርሽው አላላትም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ቢሆንም ትናንት ማታ ለብዙ ሌሊቶች የራቀው እንቅልፍ ዐይኑን ያዝ አድርጎት ነበር። ፓንኬክ ነዋ የጠየቀችው! ከሰው ሁሉ እሱን! ጸጉሩ ጥቁር ሆኖ ገብቶ ሽበት ይዞ እስኪወጣ ድረስ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ቁርስ ቤት ከሰፊው የብረት መጥበሻ ፊት ቆሞ ፓንኬክ ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ገልባጩ» ነበር የሚሉት። ሾፌሮች ሞተር ሳያጠፉ በር ላይ ቆመው «ገልባጩ፣ ሦስት አድርግልኝ!» ብለው ይጮሁ ነበር። ቁርስ ቤቱ ተዘግቶ፣ ቦታው የሞባይል መሸጫ ሆኖ እንኳ መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች በእጃቸው የመገልበጥ ምልክት እያሳዩ ይስቁለታል። እንግዲህ ቱቦውን በዚህ እጄ እመልሰዋለሁ ብሎ ነው የተኛው።

ጠዋት ሽርጡን ከቁም ሳጥኑ ሥር አውጥቶ አሠረ። ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨው። ሁሉንም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመረና እንደ ቤት ቀለም ልሞ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በመምቻ አቡክቶ አቡክቶ፣ ክንዱ ሲዝል እጅ እየቀያየረ መታው። አንዲት የጓጎለች ዱቄት እንኳ እንድትቀር አልፈለገም። ለእሷ ነዋ።

እትዬ በሩን ተደግፈው ያዩታል። እትዬ የሚስቱ ታላቅ እህት ናቸው። እህታቸው ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ሻንጣቸውን ይዘው መጥተው ሳሎኑ ውስጥ ሰፍረዋል። የሚሠሩት ሾርባ ሁሉ ሳይነካ ስለሚመለስ ሆድ ብሷቸዋል፤ ሆድ ሲብሳቸው ደግሞ ምላሳቸው ይሳላል።

«አይዞህ፣ እንቁላሉ ሞቷል፤ አትደብድበው» አሉት።

«ይዋሃድ ብዬ ነው እትዬ።»

መጥበሻውን አጋለ፤ በጭልፋ ቀድቶ አፈሰሰ። ሊጡ እንደ ፈሰሰ ውሃ መጥበሻውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ተኛ። አልተነፋም። ሲገለብጠው እንደ ቆዳ ተጎተተ። የመጀመሪያዋ ናት ብሎ አላዘነም። በቁርስ ቤቱ ሕግ የመጀመሪያዋ ፓንኬክ ለሰው አትቀርብም ነበር። ብረቱ ሙቀቱንና ዘይቱን የሚያስተካክልባት ስለሆነች «የብረቱ ድርሻ» ይሏታል። አንስቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣላትና ሌላ አፈሰሰ። እሷም ተኛች። ሦስተኛዋም።

«ይሄ ነው ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው?» አሉ እትዬ።

«መጥበሻው ነው። ስስ ነው እኮ፣ ሙቀት አይዝም።»

«መጥበሻው ምን አደረገ? ዝም ብሎ ተቀምጧል።»

አንዷን በጣታቸው ቆንጥረው ወደ ላይ አነሷት። አልተቆረሰችም፤ ተሳበች።

«ጫማ ሰፊው ቢያገኛት ሶል ያደርጋት ነበር።»

ከመኝታ ክፍሉ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «ደረሰ?»

«እየደረሰ ነው! አንድ አፍታ!» አለ፤ ድምፁ ደስ ያለው ሰው እንዲመስል እየሞከረ።

ዱቄት ጨመረ። ውጪዋ ጠቆረ፣ ውስጧ ጥሬ ሆነ። ቤኪንግ ፓውደር ጨመረበት። ፓንኬኳ እንደ ትራስ ተነፋችና እሱ «እሰይ!» ብሎ ፈገግ ከማለቱ እዚያው ፊቱ ላይ ሟሽሻ ወደቀች። ሲቀምሳት ምላሱን አኮማተረችው። ሳሙና የላሰ መሰለው። ሊጡን በሙሉ ገንዳው ውስጥ ደፋው። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። እጁ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በትክክል ነው የሠራው፤ ሲያፈስም፣ ሲገለብጥም አልተሳሳተም። ታዲያ ምን ሆነ? ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ በራሱ ቤት፣ በራሱ ምድጃ ላይ ሲከዳው፣ ያውም ዛሬ!

ሚስቱ ሁለተኛ ጠየቀች። «ደረሰ እንዴ?» አሁን ድምጿ ከቅድሙ ወረድ ብሏል። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የምግብ ፍላጎቷ ልክ ነፋስ ፊት እንዳለ ሻማ ነው፤ ብልጭ ብሎ ከጠፋ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ አይታወቅም።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እናትዬ!»

አዲስ ሊጥ ሊጀምር ሳህኑን አጠበና ምድጃው ፊት ቆመ። ያኔ ነው ግራ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ታች፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ወዳለው ባዶ ቦታ የወረደው። ጣቶቹ አንዳች ነገር ፈለጉ፤ ምንም አላገኙም። እጁን ቁልቁል አየው።

ባልዲ ነበር የሚፈልገው።

ባልዲው ሁልጊዜ እዚያ ነበር። ሽርጡን ሳያስር፣ እሳቱን ሳይለኩስ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ በግራው በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እሱ ጨርቁን ገልጦ በጭልፋ መቅዳት ብቻ ነበር ሥራው። ሊጡን የሚያዘጋጁት፣ አስተናጋጆቹ «እማማ ባልዲ» የሚሏቸው አሮጊት ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው ገብተው፣ የጓዳውን በር ዘግተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ከጓዳው ሲወጡ እሱ ገና ከአውቶቡስ ይወርዳል። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያ በር ሲዘጋ ከውስጥ ሆኖ አላየም። አንድም ቀን ፓንኬክ ከሀ እስከ ፐ ሠርቶ አያውቅም።

ይህን ሲረዳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምነው?» አሉ እትዬ፤ አሁን ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ የለም።

«እትዬ፣ እኔ መሥራት አልችልም።»

«ምኑን?»

«ፓንኬኩን። እኔ መገልበጥ ነው የምችለው።»

እትዬ ለመሳደብ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ በር አዩና መልሰው ገጠሙት።

የእማማ ባልዲ ቁጥር ስልኩ ውስጥ አለ። ግን ቁርስ ቤቱ ከተዘጋበት ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ያን ቀን ደንበኞቹ ብረቱን ከበው፣ እሱን መሐል አድርገው ፎቶ ተነስተዋል። «ይህ እጅ ይባረክ!» ተብሎ ተጨብጭቧል። እሱም እጁን ከፍ አድርጎ አሳይቷል። እማማ ያን ሰዓት ጓሮ ውስጥ ባልዲያቸውን እያጠቡ ነበር። የሚጠራቸውም አልነበረም። ቻው ሳይሉት በጓሮው በር ወጥተው ሄዱ።

ደወለ። ጥሪው ብዙ ጮኸ። ሊያቋርጥ ሲል ተነሳ።

«ሃሎ?»

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ገልባጩ ነኝ።»

ከእማማ ጀርባ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ።

«አሃ! ፎቶ የተነሳው!»

«እማማ...»

«አምሮብህ ነበር። የልጄ ልጅ አሳየችኝ። ብረቱም አምሮበት ነበር። የቀረው ባልዲው ብቻ ነው።»

«ልክ ነዎት። የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ግን ሌላ ጊዜ ይሁን፣ እማማ። ሚስቴ ታማለች። እህል አልቀምስ ብላ... ትናንት ፓንኬክ አማረኝ አለች። እኔ ደግሞ...» ባዶውን ሳህን ገፋ አደረገ። «እኔ ደግሞ ሊጡን አላውቀውም።»

«ሚስትህ? ያቺ ልብስ ሰፊዋ?»

«እሷ ናት።»

«ያቺ በጓሮው መስኮት ስትተያዩ ፓንኬክ የምታሳርርብኝ?»

«እሷው።»

እማማ በረዥሙ ተነፈሱ። «በል ወረቀት እንዳትፈልግ፤ ቁጥር የለኝም። እኔ በባልዲ እንጂ በስኒ ሠርቼ አላውቅም። ለአንድ ሰው የሚሆን ሊጥ ምን እንደሚያክል እንኳ አይታየኝም። ወተቱ ላይ ሎሚ ጨምቀህበታል?»

«ሎሚ ለምን?»

«ለምን ይለኛል! እስኪኮመጥጥ ነዋ! ቤኪንጉ በምን ይነሳል ታዲያ?»

«እኔ ሎሚው ለሻይዎ ይመስለኝ ነበር።»

«ያን ሁሉ ሎሚ በሻይ ብጠጣው ኖሮ ጥርስ ይተርፈኝ ነበር? ጭመቅ!»

እትዬ ስልኩን ሳይጠይቁ እየሰሙ ኖሮ፣ ለሾርባቸው ያስቀመጡትን ሎሚ ቆርጠው አቀበሉት። ወተቱ ላይ ጨመቀው። ወተቱ ቀስ እያለ ወፈር አለ፤ እንደ እርጎ ቋጠር ቋጠር አለ። የተበላሸ ቢመስለውም አልደፋውም።

«ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ። አሁን እርጥቡን ደረቁ መሐል አፍስሰው። ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አድርገውና በማንኪያ አማስለው። በመምቻ አይደለም፣ በማንኪያ! ልስማው።»

ስልኩን ዱቄቱ ላይ ሊጥለው ምንም ያህል አልቀረው። ማሰል ጀመረ።

«ቀጥኗል» አሉ እማማ። «እየተንቦጫረቀ ነው። ዱቄት ጨምር። ... ጨምር። ... አሁን? ቸብ ቸብ ይላል። ደህና። አቁም!»

«ገና ነው እኮ፤ ዱቄቱ ጓጉሏል...»

«አቁም አልኩህ! ይጓጉል! ስትመታው ነው የሚቆጣው፤ ሲቆጣ ደግሞ ቆዳ ይሆናል። ጨርቅ አልብሰውና ከዚያ ሂድ።»

«እስከ መቼ?»

እማማ ማሰብ ነበረባቸው። ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም ማለት ነው። «እኔ ካለበስኩት በኋላ ወለሉን እጠርጋለሁ። ከዚያ ጠረጴዛዎቹን እወለውላለሁ። ከዚያ ሻይ አፍልቼ ቁጭ ብዬ እጠጣለሁ። ሻዬን ስጨርስ አንተ እያፏጨህ ትመጣለህ።»

«ሰዓቱን...»

«ወለል ጥረግ!» አሉትና ዘጉት።

ጨርቁን አለበሰው። መጥረጊያውን አነሳ።

በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ እንደዚህ የከበደው የለም። ብረቱ ፊት የኖረ ሰው መጠበቅ አያውቅም። እዚያ ነገሩ ሁሉ ማፍሰስ፣ መገልበጥ፣ ማንሳት ነው። አሁን ሚስቱ ከግድግዳው ወዲያ ሊጠፋ የሚችለውን ፍላጎቷን ይዛ ተኝታ እሱ የዱቄት ብናኝ ከጠረጴዛ ሥር ያሳድዳል። ጥጉን ጠረገ። ማቀዝቀዣውን ስቦ ከኋላው ጠረገ። እትዬ እግራቸውን አነሱለት።

«አብደሃል?» አሉት ቀስ ብለው።

«ሊጡ ይረፍ ብለው ነው።»

«ሊጡ ሲያርፍ እሷስ?»

ጠረጴዛውን ወለወለ። የጠረጴዛውን እግሮች ወለወለ። ጆሮው ግን በሩ ላይ ነው። ሚስቱ ሦስተኛ «ደረሰ?» ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ አላለችም። ከቅድሙ ጥያቄዋ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራው። በሩን በስሱ ከፍቶ አየ። ዐይኗን ጨፍናለች። ብርድ ልብሱ ደረቷ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እስኪያይ ድረስ እሱም አልተነፈሰም።

«ተኛች» አሉ እትዬ ከኋላው አንገታቸውን አስግገው። «በባዶ ሆዷ ተኛች። እኔ ሾርባዬን ላሙቅ፤ ስትነቃ ሁለት ማንኪያም ብትሆን...»

«ሾርባውን እንዳያሞቁት እትዬ። ከሸተታት ይዘጋታል።»

«ሾርባዬ ነው የሚዘጋት? ያንተ ያረረ ጭስ አልዘጋትም?»

«እትዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ።»

እትዬ ድስቱን ከምድጃው ላይ አነሱት። የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸው ይዘውት ቆሙ። ያኔ ነው እሳቸውም እንደ እሱ መፍራታቸው የገባው። አሥር ጊዜ ሾርባ የሚሠሩት ሌላ የሚሠሩት ነገር ስለሌላቸው ነው።

ሻይ አፈላ፤ ለሁለቱም ቀዳ። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መሐላቸው ጨርቅ የለበሰውን ሳህን እንደ እንግዳ አስቀምጠው ጠጡ። ወደ አፉ ባስጠጋው ቁጥር ሻዩ ይተኩሳል። ጨርቁን ልገልጠው ይላል፤ እጁን መልሶ ጭኑ ሥር ይሸጉጣል።

«ጠጣው፣ አትመልከተው» አሉት እትዬ።

ብርጭቆዎቹ ባዶ ሲሆኑ ጨርቁን ገለጠው። ሊጡ ሌላ ሆኗል። የጓጎለው ዱቄት ግማሹ ሟሙቷል፤ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ዐይኖች ከፍቶ፣ ወፈር ብሎ፣ እየተነፈሰ ተኝቷል። ሽታው አፍንጫውን ሲነካው በቁርስ ቤቱ በር ሲገባ የሚቀበለው ያ ሽታ ነበር። ዐይኑ ውሃ ሞላ፤ በክርኑ ጠረገው።

መጥበሻውን ጣደ። ጣቱን ውሃ ነክሮ ረጨበት፤ ጠብታዎቹ እየዘለሉ ሮጡ። አፈሰሰ። ሊጡ አልሸሸም፤ ክብ ሠርቶ ባለበት ረጋ። የመጀመሪያዋ እንደ ልማዷ ነጣ ያለች፣ ዳርና ዳሯ እንደ ዳንቴል የተበሳሳ፣ በአንድ ወገን የወየበች ሆና ወጣች። እጁ ሳያስብ ዳር ባለች ትንሽ ሳህን ላይ አኖራት። ሁለተኛዋ ግን! ፊቷ ላይ አረፋዎቹ ተከፍተው ቀዳዳቸው ሳይደፈን ሲቀር መገልበጫውን ከሥሯ አስገባና አዞራት። ወርቅ የመሰለች። እፍ ብላ ተነሳች። እንዳይጫናት እጁን ያዘ። ሦስተኛ ደገመ፣ አራተኛ።

«ኧረ ባክህ!» አሉ እትዬ፤ ሳያስቡት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

ሦስቱን ደራርቦ በትልቁ ሳህን ላይ አደረገ። ከላያቸው ቅቤ አስቀመጠ፤ ማር አፈሰሰ። ቅቤው እየቀለጠ በጎናቸው ወረደ። ልክ እንደ ጥንቱ ሳህኑን በመዳፉ ላይ ይዞ ገባ።

ሚስቱ ነቅታለች። በክርኗ ተደግፋ ተነሳች፤ ትራስ ደገፈላት። ሳህኑን ጭኗ ላይ ሲያደርገው ቁልቁል አየችው፤ ዐይኗን ሳታነሳ ቆየች።

«ቆንጆ ናቸው» አለች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። «ቆንጆ ነው» የምትለው ሌላ ሰው የሰፋውን ቀሚስ ስታይ ነው፤ የሚለበስ ከሆነ ዝም ብላ ነው የምትለብሰው።

በሹካ ትንሽ ቆርሶ ወደ ከንፈሯ አስጠጋ። ሽታው ሲደርሳት ፊቷ ጠቆረ። ከንፈሯ ተከፈተ፤ ተዘጋ። እጇ ወጣና የሹካውን ጫፍ ገፋ አደረገችው። በእጇ ጀርባ።

«ማሩ... ቅቤው...» አለች። «አንተ ለፍተህ እኮ። ተወው፣ ትንሽ ቆይቼ እበላዋለሁ።»

ትንሽ ቆይቼ። ሹካውን ሳህኑ ላይ ሲያስቀምጥ ቅጭል አለ። ሰኞ ታየው። ነጩ መተላለፊያ፣ የተሽከርካሪው አልጋ ድምፅ፣ ጨምድዳ የያዘችው የቀሚሷ ጫፍ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ ሳህኑን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«የመጀመሪያዋስ?» አለችው።

«የምኗ?»

«የብረቱ። የመጀመሪያዋ የታለች?»

«ያቺማ ለሰው የምትሆን አይደለችም እኮ። ነጣ ያለች ናት።»

ፈገግ አለች። ከንፈሯ ደርቆ ስለነበር ፈገግታው አሳመማት። «እኔ ሌላ መቼ በላሁ? የደንበኛውን በመስኮት አውጥተህ ትሰጠኝ ነበር?»

ጆሮው ድረስ ጋለ። የልብስ ስፌት ቤቷ ጓሮ ከቁርስ ቤቱ ወጥ ቤት መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነበር። ጠዋት ጠዋት በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብላት የነበረውን «ምርጧን መርጬ ነው» እያለ ነበር የሚሰጣት። ለደንበኛ የሚሆነውን መስጠት አይፈቀድለትም ነበር፤ የብረቱን ድርሻ ግን የሚጠይቀው የለም።

«ታውቂ ነበር?»

«አንተ፣ መስኮቱ እኮ መስታወት ነው። ስታነሳት አያለሁ። ማር የለባት፣ ቅቤ የለባት። እሷን ነው ያማረኝ። ሂድ አምጣልኝ።»

በሩጫ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ቀረ። ወጥ ቤት ሲገባ እትዬ ምድጃው አጠገብ ቆመው ጉንጫቸው ሞልቶ ያኝካሉ። ትንሿ ሳህን ባዶ ናት።

«እትዬ!»

ደነገጡ፤ ሊውጡት ሲሉ ትን አላቸው። «ም... ምን? የምትጣል መስሎኝ! ቅድም ሁሉንም ስትጥላቸው አልነበር?»

«እሷን ነው የፈለገችው! የመጀመሪያዋን ነው!»

እትዬ ቀኝ እጃቸውን ከቀሚሳቸው ጀርባ አወጡ። ግማሿ ጣታቸው መሐል ተርፋለች፤ የንክሻቸው ቅስት ዳሯ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለቱም አዩዋት። ሌላ መጀመሪያ ልትሠራ አትችልም። መጥበሻው ግሎ ተስተካክሏል፤ ከእንግዲህ የሚያወጣው ሁሉ ወርቅ ነው።

«ቢላዋ አምጣ፣ የነከስኩትን ልቁረጠው» አሉ እትዬ፤ ሊያለቅሱ ደርሰው።

«ጊዜ የለም፣ ይስጡኝ።»

ወረቀት ላይ አጠፋት፤ ድሮ እንደሚያጥፋት። ይዞላት ገባ። እትዬም ተከተሉት፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

ሚስቱ በእጇ ተቀበለችው። አሸተተችው። ንክሻውን አየች፤ ወደ በሩም አየች።

«እትዬ፣ ጥርስሽን አውቀዋለሁ» አለች።

«አፈር ልብላ» አሉ እትዬ።

ከተበሳሳው ዳር ትንሽ ነከሰች። አኘከች። ብዙ ጊዜ አኘከች፤ እነሱም አብረዋት መንጋጋቸውን የሚያንቀሳቅሱ ይመስሉ ነበር። ከዚያ አቆመች። ዐይኗን ጨፈነች፤ ጉሮሮዋ ከፍ ብሎ ወረደ። ሌላኛው እጇ ብርድ ልብሱ ሥር ገብቶ ሆዷ ላይ፣ ስፌቱ ላይ አረፈ። ተመልሶ ቢወጣስ? ከትናንት በስቲያ ውሃው እንኳ ተመልሶ ወጥቷል። ባሏ የአልጋውን ብረት ጨብጦ ጠበቀ። ከሊጡ ይልቅ ይህ ከበደው። እዚህ የሚጠረግ ወለል እንኳ የለም።

አልተመለሰም። ዐይኗን ገለጠች፤ እንደገና ነከሰች። አሁን ከመጀመሪያው ገፋ ያለ ነበር።

«ሎሚ ሎሚ ትላለች» አለች። «ሁልጊዜም እንዲህ ነበረች።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። አንተ አታውቅም ነበር?»

ወጥ ቤት ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሮጠው አነሱት፤ ድምፃቸው በኮሪደሩ አለፈ። «አዎ፣ እህቷ ነኝ። ... አዎ። ... ቆይ ልጠይቅ።» ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው መጡ። «አንዲት ሴትዮ ናቸው። በላች ወይ ይላሉ። ደግሞ ወለሉን ጠርጓል ወይ ይላሉ።»

ወደ ሚስቱ አየ። እሷ የመጨረሻዋን ጉርሻ አፏ አድርጋ ወረቀቱን ታጥፋለች፤ ትርፍ ጨርቅ እንደምታጥፍ ጫፍና ጫፉን ገጥማ።

«እየበላች ነው በይልኝ» አለች እሷው፣ አፏ እንደ ሞላ። ከዚያ ዋጠችና ባዶውን ወረቀት ለባሏ ሰጠችው። «ከእሷ ሌላ አለ?»

«ሌላዋማ...» አለ። «ሌላዋ ትንሽ ታስጠብቅሻለች። መጥበሻው መቀዝቀዝ አለበት።»

«እጠብቃለሁ» አለች። ወደ ግድግዳው አልዞረችም።

ወጥ ቤት ሄዶ ምድጃውን አጠፋ። የጋለውን መጥበሻ በጨርቅ ይዞ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል አስቀመጠው። ሊጡን መልሶ ጨርቅ አለበሰው። ለአፍታ እጁን የት እንደሚያደርገው አጥቶ ምድጃው ፊት ቆመ፤ ከዚያ መጥረጊያውን አነሳና የተጠረገውን ወለል ከጥጉ ጀምሮ እንደገና ይጠርገው ጀመር።